ካፒቴን ተስፎም ባሕር የወረደ ዕለት

ተስፎም ዝናብ እንዲዘንብ ሦስት ቀን ሙሉ ጸለየ። ዝናብ ባይሆን ነፋስ፣ ነፋስ ባይሆን የመኪና ብልሽት ለመነ። ካልጋሪ ካለው ሰፈራቸው ከፋልከንሪጅ ሲነሡ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ተራሮቹን ሲያቋርጡም ጥርት ያለ ነበር። ቫንኩቨርን አልፈው አንዲት ትንሽ የወደብ መንደር አድረው፣ ጠዋት የሞቴሉን መጋረጃ ሲገልጥ ባሕሩ እንደተወለወለ ወለል ተኝቶ ጠበቀው። በሚያምር ቀን እንዲህ የተናደደ ሰው አይታችሁ አታውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካናዳዋ ካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ አማርኛ የሚናገር ሁሉ የስልሳ ስምንት ዓመቱን ተስፎምን "ካፒቴን" ይለዋል። ምጽዋ በባሕር ኃይል ማገልገሉ እውነት ነው፤ ያገለገለው ግን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። በአማርኛ የተማረ፣ የእጅ ጽሑፉ የሚያምር የአሥመራ ልጅ ስለነበር ገና ከመቀጠሩ ከታይፕ መኪና ኋላ አስቀመጡት። ሥራው ከባሕር የሚመለሱትን የመርከብ መዝገቦች በንጹሕ መገልበጥ ነበር፦ ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ፣ ባሕሩ መጠነኛ፣ በዚህ ሰዓት መልሕቅ ተነሣ፣ በዚህ ሰዓት ተጣለ። ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ባሕር ሲገለብጥ፣ እሱ ራሱ ከወደቡ ግንብ አልፎ አያውቅም። የጀልባ መሪ መንካት ቀርቶ ዋና እንኳ አይችልም።

ታዲያ ካፒቴንነቱ ከየት መጣ? ካልጋሪ በገባበት የመጀመሪያው ክረምት፣ ዳውንታውን ፎቅ ከሚያጸዱ ሰዎች ጋር ሻይ ይዞ ብሬክ ላይ ተቀምጦ ሳለ አንዱ፣ "አገር ቤት ምን ነበሩ?" ብሎ ጠየቀው። "ባሕር ኃይል" አለ። "መርከብ ላይ?" ተስፎም ሻዩን ፉት አለ። አልዋሸም፤ ዝም ነው ያለው። ጠያቂው ራሱ፣ "ካፒቴን ነበሩ በሉኛ!" ብሎ ጨረሰለት። ያ ዝምታ በሳምንቱ እግር አወጣ፤ በወሩ ስም ሆነ። ሐኪሙ ታክሲ በሚነዳበት፣ መምህሩ ሥጋ ፋብሪካ በሚያድርበት አገር፣ ተስፎም ማንም ፈተና ተፈተን የማይለውን ማዕረግ አገኘ። ወሬ ደግሞ አያልቅበትም። በሠርግም በሐዘን ቤትም፣ የገለበጣቸውን መዝገቦች "እኔ" እያለ ይተርካቸዋል። ያምርበታል፤ ይኼ አይካድም።

ዘንድሮ ከጥበቃ ሥራው ጡረታ ሲወጣ፣ በድሉ የሚባል ጎረቤቱ ስጦታ አሰበለት። በድሉ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣ እሑድ እሑድ በአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል፣ የወደደውን ሰው በስጦታ ካላስጨነቀ እንቅልፍ አይወስደውም። በሽኝቱ ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሞ፣ "ጋሼ፣ ባሕር ካዩ ስንት ዓመትዎ ነው? ጀልባ ቡክ አድርገንልዎታል! አንድ ሙሉ ቀን! እርስዎ ይነዳሉ፣ እኛ መርከበኞችዎ እንሆናለን!" አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ተስፎም ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ። ሰዉ የደስታ እንባ መሰለው።

እውነቱን የምታውቀው ሚስቱ ደሃብ ብቻ ናት። በመነሻቸው ዋዜማ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል እየቋጠረች፣ "ንገራቸው" አለችው።

"አሁን? ይኼ ሁሉ ሰው ከደከመ በኋላ?"

"አሁን ነው እንጂ! ራሔል ልጆቿን እዚህ ሳሎን አስተኝታ ነው አብራችሁ የምትሄደው። አንድ ነገር ብትሆን እኔ ምን ልበላቸው?"

ራሔል የበድሉ ታናሽ እኅት ናት፤ በዚያው ከተማ ሳድል ሪጅ ሰፈር ትኖራለች፣ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ አምስትና ሰባት ዓመት የሞላቸው ሁለት ልጆች አሏት። ተስፎም መንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ ብሎ ወጣ። ከካልጋሪ እስከ ባሕሩ አሥራ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፤ ለአንድ ዓረፍተ ነገር አልበቃውም።

ወደቡ ላይ ጀልባ አከራዩ፣ ነጭ ጢሙን ያንዠረገገ ሽማግሌ፣ ወረቀት ዘርግቶ ማስረዳት ሲጀምር በድሉ አላስጨረሰውም። "ሂ ኢዝ ኤ ካፒቴን!" አለ ተስፎምን በሁለት እጁ እያሳየ። "ኔቪ!" ባሕር ኃይል መባሉን ሲሰማ የሽማግሌው ፊት በራ። የተስፎምን እጅ ጨበጠ፣ ሦስት ገጽ በአንድ ጊዜ ገለበጠ፣ "እንግዲያው እኔ ልጠይቅዎት እንጂ!" ብሎ ሳቀና ቁልፉን አስረከበው። ተስፎም ፈረመ። 

ጀልባዋ ስድስት ሰው የምትይዝ ነጭ ናት፤ ከኋላዋ ሞተር፣ ከፊቷ እንደ መኪና መሪና መስታወት፣ ከመሪው አጠገብ ካርታ የሚያሳይ ስክሪንና ሬዲዮ አላት። ቁልፉን ሲያዞረው ተነሣች። እጀታውን ወደ ፊት ሲገፋው ሄደች። "በቃ፣ መኪና ናት" አለ በሆዱ፤ ግን መኪና ፍሬን አለው። ከወደቡ ሲወጡ አንዲት ቆማ የነበረች ጀልባን በአንድ ክንድ ስተው አለፏት። በድሉ "ዋው! እንዴት ነው የለኳት!" አለ። ተስፎም ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

የመጀመሪያው ሰዓት በሰላም አለፈ። ደሴቶቹ በዛፍ ጥቅጥቅ ያሉ፣ ውኃው አረንጓዴ ነው። ራሔል ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታ ፎቶ ታነሣለች። ተስፎም ፍርሃቱ ሲብስበት አፉ የለመደውን ለቀቀ፦ "ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ፤ ባሕሩ ጸጥተኛ።" በድሉ እኅቱን በክርኑ ጎሸም አደረጋት። "ሰማሽ? ይኼ እኮ በደም ነው!"

ስልኩ ጮኸ፤ ደሃብ ናት። "ነገርካቸው?" ተስፎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሲግናሉ እየተቆራረጠ ነው" አለና ዘጋው። ሲግናሉ ምንም አልሆነም ነበር።

እኩለ ቀን ላይ አንዲት ትንሽ ደሴት ዳር ለምሳ ቆሙ። ተስፎም የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ዳርቻው ገፋ፣ ገመዱን ከወደቀ ግንድ ጋር አሠረ፣ ከወረደም በኋላ እግሩ መሬት በመንካቱ አምላኩን አመሰገነ። ዳቦውን በሉ፣ እንቁላሉን ላጡ፣ በድሉ በኮፍያው ፊቱን ሸፍኖ አንቀላፋ። ተስፎም ስለ መመለሻው ሲብሰለሰል ዓይኑ ወደ ጀልባዋ ሄደ። ጀልባዋ ጭቃ ላይ ጋደም ብላለች። ባሕሩ የለም። ሃያ እርምጃ ያህል ሸሽቶ ሄዷል፤ በነበረበት ቦታ ጥቁር ድንጋይና የባሕር ሣር ቀርቷል።

ምጽዋ ባሕሩ ቢሞላ ቢጎድል ከጉልበት አያልፍም ነበር። ስለዚህ ከገለበጣቸው መዝገቦች አንዱም ላይ አልተጻፈም፤ ያልተጻፈውን ደግሞ ተስፎም ከየት ያምጣው? እዚህ ግን ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። አከራዩ በአንድ ጊዜ ከገለበጣቸው ሦስት ገጾች አንዱ ስለዚሁ ነበር።

"ጋሼ፣" አለች ራሔል ቀስ ብላ፣ "ጀልባዋ እንዲህ መሆን አለባት?"

"አውቄ ነው" አለ ተስፎም። "እንዲህ ማሳረፍ ለሞተሩ ጥሩ ነው።"

ከአፉ እንዴት እንደወጣ እሱም አላወቀም። ይኼን ሁሉ ዓመት ስለ ራሱ ሲጠየቅ ወይ በዝምታ ወይ በሰው ታሪክ ነበር ያለፈው፤ አሁን ግን ዓይን ዓይኗን እያየ ዋሻት። በድሉ ከእንቅልፉ ነቅቶ "ኦኬ፣ ኦኬ፣ ጋሼ ያሉት ነው" አለ።  ተስፎም የራሔልን ፊት ግን አየው፤ ያመነ ሰው ፊት አልነበረም። ትልቅ ሰውን እንዴት ውሸት ነው ይባላል ብሎ የዋጠ ሰው ፊት ነበር።

ውኃው ተመልሶ ጀልባዋን እስኪያነሣት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀልባዋን ማስረከብ ነበረባቸው። ተስፎም ሞተሩን አስነሥቶ በመጡበት ልሂድ ቢል፣ የመጡበት የቱ ነው? ደሴቶቹ ሁሉ አንድ ናቸው። ጥቂት እንደሄዱ ከባሕሩ በኩል ነጭ ነገር መጣ። መጀመሪያ ሩቁን ደሴት በላው፣ ከዚያ ቅርቡን፣ ከዚያ የጀልባዋን አፍንጫ። ጭጋግ ነው። ስልኮቹ ሲግናል አልነበራቸውም፤ አሁን እውነት ነው። ስክሪኑ ላይ የቀለም ካርታ ይታያል፤ የትኛው ቀለም ጥልቅ ውኃ፣ የትኛው ድንጋይ እንደሆነ ግን የሚነግረው ሰው አልነበረም።

"ጋሼ በቀኝዎ!" ብላ ራሔል ጮኸች።

ድንጋዩ ከጭጋጉ ውስጥ የቤት ያህል ሆኖ ብቅ አለ። ተስፎም መሪውን ጠመዘዘው፣ ሞተሩን ወደ ኋላ አስጓራው፣ ጀልባዋ ተንገዳገደችና ድንጋዩ በጎናቸው እልፍ አለ። ሞተሩን አጠፋ። ጀልባዋ ግን አልቆመችም። ውኃው ራሱ ይዟት ይሄዳል። ያኔ ነው ቀልቡ የተገፈፈው። ራሔል ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ የልጆቿን ስም ትጠራለች፤ መጸለይዋ ይሁን ማልቀሷ አይለይም።

በድሉ ሬዲዮውን አነሣ። ሃያ ዓመት አውቶቡስ ላይ የለመደው ዕቃ ነው። አጠገቡ ተለጥፎ በነበረው የአደጋ ጥሪ ቁጥር ጠራ፤ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሠራተኛ የሆነች ሴት ወዲያው መለሰች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነው። ስክሪኑ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አስነበበችው። ስንት ናችሁ? ሦስት። ላይፍ ጃኬት? አዎ። ጀልባውን የሚነዳው ሰው ልምድ አለው?

"ሂ ኢዝ ካፒቴን!" አለ በድሉ። "ኔቪ! ሎንግ ኤክስፒሪየንስ!"

ሴትዮዋ ይኼ ነገሩን እንደሚያቀልለው ተናገረች። ከፊታችሁ በሁለት ደሴቶች መካከል ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ውኃው አሁን ለሃያ ደቂቃ ያህል ይረጋል። ልምድ ያለው ካፒቴን በስክሪኑ እየተመራ ቢያልፍበት በግማሽ ሰዓት ወደብ ይደርሳል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን ማንም እንዳይገባበት፤ ውኃው ጀልባ ይገለብጣል። የነፍስ አድን ጀልባቸው ሌላ ጥሪ ላይ ናት፤ እሷን መጠበቅ ካለባችሁ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ካፒቴኑ ምን ይላል?

በድሉ ዞረ። "ጋሼ፣ ምን ልበላት?"

"ካፒቴን አይደለሁም በላት።"

በድሉ በዚያ ሁሉ ጭንቀት ፈገግ አለ። "ጋሼ ደግሞ! አሁን የትሕትና ሰዓት ነው?" ሬዲዮውንም ተጭኖ፣ "ካፒቴን አይደለሁም ይላል፤ በት ሂ ኢዝ ቬሪ ሃምብል ማን" አላት፤ በጣም ትሑት ሰው ነው ማለቱ ነበር።

ይኼ ስሕተት ከእኛ ሰው በቀር በማንም አይደርስም። እኛ ዘንድ የተማረው ምንም አላውቅም ይላል፤ ባለሙያው እኔ ምን ሙያ አለኝ ይላል፤ ዐዋቂ ነኝ ብሎ አፉን የሚከፍት እሱ ባዶ ነው። ስለዚህ ተስፎም በካደ ቁጥር በበድሉ ዓይን ይበልጥ ካፒቴን ሆነ።

"በድሉ፣ ስማኝ፤ አልችልም።"

"ይችላሉ! ጌታ አለ፣ ሪላክስ ያድርጉ ብቻ። እጅዎ ያውቀዋል እኮ!"

"አሥራ አምስት ደቂቃ" አለች ሴትዮዋ።

ተስፎም እጁን አየ። ሳያስበው ሞተሩን የሚገፋው እጀታ ላይ ተቀምጧል። እውነት ለመናገር አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ቢሞክርስ? ጠባብ ነው እንጂ መንገድ ነው። ቢያልፍ ስሙም ይተርፋል። ነገ ፋልከንሪጅ "ካፒቴን በጭጋግ ውስጥ አሳለፉን" ይባላል፣ ይኼኛው ደግሞ እውነተኛ ይሆናል፤ ከእንግዲህ የራሱ የሆነ አንድ ታሪክ ይኖረዋል። ሌላውን እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ከኋላው ራሔል የታናሹን ልጇን ስም ጠራች።

እጁን አነሣ፤ ሬዲዮውንም ከበድሉ እጅ ነጠቀ።

"ስሜ ተስፎም ነው" አለ፣ በጥበቃ ሥራው ለሠላሳ ዓመት እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ በተናገረው ዝግ ያለ እንግሊዝኛ። "ካፒቴን አይደለሁም። ትሕትናም አይደለም። ባሕር ኃይል ውስጥ ታይፕ የምመታ ጸሐፊ ነበርኩ። በሕይወቴ ጀልባ የነዳሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ዋና አልችልም። አብራኝ ያለችው ሴት ሁለት ልጆች አሏት። እባካችሁ ኑልን።"

ሴትዮዋ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። "ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ" አለች። "ወደ መተላለፊያው እንዳትገቡ። መልሕቅ ጣሉ። በየሁለት ደቂቃው ጡሩምባ ንፉ። እንመጣለን።"

መልሕቁን የጣለው በድሉ ነው። ገመዱ ተወጠረ፣ ጀልባዋ አንዴ ተናወጠችና ቆመች።  ተስፎም ከመሪው ተነሥቶ ጥግ ላይ ቁጭ አለ። እፍረቱ ከብርዱ ጋር አጥንቱ ድረስ ገባ።

"ጠዋት ያውቁ ነበር" አለች ራሔል በመጨረሻ።

"አውቅ ነበር።"

"ሳሎንዎ ውስጥ ልጆቼን ስስማቸው እዚያው ቆመው ነበር። ያኔም ያውቁ ነበር።"

"አውቅ ነበር፣ ራሔል።"

"ጭቃው ላይ ገብቶኛል እኮ!" አለች፣ አሁን እያለቀሰች። "ጋሼ ስለምልዎት ዝም አልኩ። ልጆቼ ያለ እናት ሊቀሩ ነበር፣ እኔ ትልቅ ሰው እንዳላሳፍር ዝም አልኩ!"

 በድሉ ጡሩምባዋን እየነፋ ጀርባውን ሰጥቷቸው ነበር። ሁለት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ፣ አርባ ጊዜ ነፋ። ጭጋጉ ድምፁን እየዋጠ ምንም አልመለሰም። ከዚያ ዞር ሳይል፣ "ታሪኮቹስ?" አለ።

"እኔ የገለበጥኳቸው ናቸው። የሌሎች ሰዎች ናቸው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

በድሉ ዞረ። "ባሕር ውስጥ የወደቀውን ልጅ ለማውጣት ገመድ ወገብዎ ላይ አሥረው የዘለሉትስ? ቤቴ መጥተው የነገሩኝ?"

ተስፎም አስታወሰ። በድሉ አውቶቡስ መንዳት ሳይጀምር ሥራ ያጣበት ዊንተር ነበር፤ ሚስቱም ጥላው ሄዳ ነበር። ተስፎም የሚለው ቢያጣ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያንን አወራለት።

"'ሦስት ጊዜ ውኃው ዋጠኝ፣ በአራተኛው ወጣሁ' አሉኝ" አለ በድሉ። "በማግሥቱ ዳውንታውን ባቡር ጣቢያው ላይ፣ ጠርዙ ላይ ቆሜ ነበር። ልሳፈር አልነበረም የቆምኩት።"

"በድሉ!" አለች ራሔል። ይኼን እሷም ሰምታ አታውቅም።

"ባቡሩ ሲመጣ ያ ቃል ጆሮዬ ላይ መጣ። በአራተኛው ወጣሁ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ዛሬ እዚህ ያለሁት በዚያ ነው።" አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። "ሰውየው ማነው? የት ነው ያለው? ቁጥሩን ፈልጌ ኮል አደርግለታለሁ። አመሰግነዋለሁ።"

ለተስፎም "አላውቅም" ማለት ይበቃል። ይኼኛው ዝምታ ማንንም አይገድልም፤ እንዲያውም ምሕረት ነው። ያ የድሮው ዝምታ ምላሱ ላይ መጥቶ ቁጭ አለ።

"ዮውሃንስ ዑቕባዝጊ ይባላል" አለ። "የወደቀውን ልጅ አወጣው። እሱ ግን አልወጣም፣ በድሉ። መዝገቡ ሦስት ጊዜ ነው የሚለው። አራተኛውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

በድሉ ተነሥቶ በተስፎም ፊት ቆመ። እጁ ተዘርግቷል፤ አቅፎ ሊስመው ይሁን ወደ ባሕሩ ሊገፈትረው፣ እሱም ያወቀ አይመስልም። ሁለቱንም አላደረገም። ሁለት ደቂቃው ደርሶ ነበርና ሄዶ ጡሩምባውን ነፋ። ከጭጋጉ ውስጥ ሌላ ጡሩምባ መለሰለት።